ከፎቶው ጥግ ያለው ወጋገን

አንድ ሰው ነበረ፤ ቀን የሰው ጥርስ ይነቅላል፣ ማታ ሰማይን ፎቶ ያነሳል።

አትሳቅ ውብሸት፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «መምህር፣ ሰው ሌላው የሠራበትን በደል በዘመድ ፊት ቆሞ ለመመስከር ስንት ጊዜ ቢያየው ይበቃል?» ነው ያልከኝ። ወንድምህና ሚስቱ አንተ ቤታቸው በገባህ ቁጥር ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ፤ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም፣ ሁልጊዜ ነው። ንቀውኛል ብለህ እሑድ ዘመድ ልትሰበስብ ነው። ይሁን። እሑድ እስኪደርስ ጊዜ አለን፤ አንተ ብቻ አታቋርጠኝ።

ይህ ሰው የሚኖረው ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅ የደጋ ከተማ ነው። የመንገድ መብራት የሌለበት ከተማ ስለሆነ ሌሊቱ ድቅድቅ ነው፤ ሌላው ሰው በዚህ ሲያማርር እሱ እግዜርን ያመሰግናል። የሚያነሳው ጨረቃን እንዳይመስልህ። ጨረቃንማ ማንም በስልኩ ያነሳታል። እሱ የሚፈልገው ዓይን የማያየውን፣ ከከዋክብት መሐል እንደ ጉም ተዘርግቶ ያለውን ነገር ነው። ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ጫፍ ላይ ይገጥማል፣ ሰማዩ ሲዞር ቴሌስኮፑም አብሮ እንዲዞር ሞተሩን ያስነሳል፣ ከዚያ የካሜራው ዓይን ለብዙ ደቂቃ ተከፍቶ ይቆያል። ከጣሪያ የሚወርድ ጠብታ ቀስ ብሎ በርሜል እንደሚሞላ ሁሉ፣ ብርሃኑም ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል። ሌሊቱን ሙሉ ያነሳቸውን ፎቶዎች በማግስቱ በኮምፒውተር አንድ ላይ ይደራርባቸዋል። ያኔ ባዶ ይመስል የነበረው ጨለማ መልክ ያወጣል።

በዚያ ዓመት የተመኘው «የፈረስ ራስ» የሚሉትን ነበር። ሰማይ ላይ ተሰልፈው የምታያቸው ሦስት ከዋክብት አሉ አይደል? ከእነሱ አጠገብ ቀይ ጉም አለ። በጉሙ ፊት ደግሞ ጥቁር አቧራ ቆሟል፣ ቁርጥ የፈረስ ራስ። አዲስ አበባ ያሉ የሰማይ ወዳጆች ለገና የፎቶ ኤግዚቢሽን ሊያሳዩ አስበው «ያንተን ፈረስ እንጠብቃለን» ብለውታል። እሱም አፉን ሞልቶ እሺ አለ። ለሚስቱ ተናገረ፣ ለጎረቤት ተናገረ፣ አፋቸውን ከፍተው መልስ መስጠት ለማይችሉት በሽተኞቹ ሳይቀር ተናገረ።

ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ጠራ፣ ሰውዬውም ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሌሊት ፎቶዎች ሲደራርብ ፈረሱ ብቅ አለለት። እልል ሊል አፉን ሲከፍት ግን ከፎቶው በስተቀኝ፣ ከታችኛው ጥግ ላይ አንድ ቀይ ወጋገን ተነስቶ እስከ ፈረሱ አንገት ተዘርግቶ አየ። ጎህ ሲቀድ ከተራራ ጀርባ የሚወጣውን ብርሃን ይመስላል። ሰማይ ላይ እዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ያውቃል። ከየት መጣ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። ሌንሱን ጠረገ፤ ወጋገኑ አለ። ኬብሉን ቀየረ፤ አለ። ባትሪውን ቀየረ፣ ካሜራውን አውልቆ መልሶ ገጠመ፣ የቴሌስኮፑን ቱቦ በጥቁር ጨርቅ ጠቀለለው፤ አለ። ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ ከግቢው አንድ ዳር ወደ ሌላው ዳር ሄደ፤ ወጋገኑ እዚያው ቀኝ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ቴሌስኮፑን ወደ ሌላ የሰማይ ክፍል አዞረው፤ እዚያም አለ። ቁራጭ ደመና ባየ ቁጥር «ዛሬም ሊቀርብኝ ነው» ይላል። ጨረቃዋ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየጎላች ነው። ስትሞላ ሰማዩን ታነጣዋለች፣ መልሳ እስክትጎድል ደግሞ ፎቶው አዲስ አበባ የሚደርስበት ቀን ያልፋል። ሥራው ላይ ሆኖ እንኳ ሐሳቡ ከጥጉ አልላቀቅ አለው፤ አንድ ቀን የአንዱን ምስኪን ደህና ጥርስ በመንቀያው ቆንጥጦ ሊነቅል ሲል በሽተኛው እጁን ቀብ አድርጎ አስቆመው።

የሚገርመው ምን መሰለህ? ይህን ነገር ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው። በሽተኛ «ይኼ ነው የሚያመኝ» ብሎ የሚጠቁመው ጥርስ ሁልጊዜ የታመመው አይደለም። ታችኛው ተበልቶ ላይኛው ያማል። ጥሩ ሐኪም ከመንቀሉ በፊት መታ መታ ያደርጋል፣ ቀዝቃዛ ያስነካል፣ ይጠይቃል። እሱም ለሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ለራሱ ሲሆን ጠፋበት። ምን ታደርገዋለህ፣ ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

አንድ ምሽት ከካሜራው ላይ ጎብጦ ቆይቶ ወገቡን ሊያፍታታ ቀና ሲል፣ በስተቀኝ በኩል ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቱ መስኮት ቀልቶ አየ።

ጎረቤቱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳችው እሷ ስለሆነች አበልጁም ናት። አበልጅነት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ከሥጋ ዝምድና አያንስም። ይህች ሴት የምትተዳደረው ጫጩት አሳድጋ በመሸጥ ነው። የተፈለፈሉ ሰሞን ታመጣቸውና ከግቢዋ ዳር ባለች የጭቃ ክፍል ውስጥ ታስገባቸዋለች። ለሙቀት በግማሽ በርሜል የከሰል ፍም ታደርግላቸዋለች፤ ላባ እስኪያወጡ ድረስም ፍሙን እየቆሰቆሰች፣ ሸለምጥማጥ እየጠበቀች እዚያው አብራቸው ታድራለች። የክፍሏን መስኮት ሆን ብላ ክፍት ትተዋለች። ቅላቱ የሚታየው በዚያ መስኮት ነው።

«አገኘሁሽ!» አለ ሰውዬው ብቻውን።

ቀይ ነው፣ በስተቀኝ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ለዓይን ደብዘዝ ያለ ቢሆንም የካሜራ ዓይን ከቆየ ትንሹንም ያጠራቅማል ብሎ አሰበ፤ ይህስ እውነት ነው። ታዲያ ዕቃውን ወደ ሌላው ዳር ሲወስደው ወጋገኑ ለምን ከቀኝ ጥግ አልተነሳም? «ከግድግዳው ላይ ነጥሮ ነው» አለ። ቴሌስኮፑን ወደ ሌላ ሰማይ ሲያዞረውስ? «ከቆርቆሮው ላይ ነጥሮ ነው» አለ። ጥፋተኛውን አስቀድሞ የያዘ ሰው ምን ቢመጣበት መልስ አያጣም።

መጀመሪያ በደግ ሄደ።

«አበልጄ፣ ያቺ የጫጩቶቹ መስኮት ብትዘጋልኝ? ሥራዬን አበላሸችብኝ» አላት።

«መስኮቷ?» አለች ሴትዮዋ ግራ ገብቷት። «እንዴ አበልጄ፣ ከሰል እኮ ነው ያለው። መተንፈሻ ይፈልጋል።»

«ከሰል ምን ጭስ አለው?»

«እሱማ የሚገድለው የማይታየው ነው። አንተ ተምረሃል፣ ለአንተ አልነግርህም» አለችው። ደግሞም ልታስቀይመው ስላልፈለገች ዕንቁላል በሰሃን ይዛ ወጣች። እሱ ግን ዕንቁላሉን ሳይቀበል ሄደ። ይህ በጎረቤት ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ሴትዮዋ ሰሃኑን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ የምታደርገው ሁሉ ተንኮል ሆኖ ይታየው ጀመር። ፍሙን ስትቆሰቁስ ቅላቱ ደመቅ ሲል «እኔን ለማናደድ ነው» ይላል። ጠዋት «እንደምን አደርክ?» ስትለው «ደግሞ ትጠይቀኛለች!» ብሎ በጥርሱ መሐል ይመልስላታል። ስትስቅ ከሰማ በእሱ የሳቀች ይመስለዋል። ፎቶዎቹን ባየ ቁጥር ወጋገኑ አለ፤ ባየው ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ያምናል። ሚስቱ «ተው አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋ ምን አደረገችህ?» ብትለው «ማስረጃ አለኝ! ና እይ ብዬ የማላሳየው ሰው የለም!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ማስረጃውማ ነበረው።

በመጨረሻ ለእድሩ ሽማግሌዎች ከሰሳት። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተደረደሩ። «ፈረሱ የታለ?» አለ አንዱ። «ይኸውልህ፣ ጆሮው አይታይህም?» አለው ሌላው፤ ለእሱም አልታየውም። ወጋገኑ ግን ለሁሉም ታያቸው። ከሽማግሌዎቹ ግማሾቹ የሚያኝኩት እሱ በሠራላቸው ጥርስ ነው፤ እንዴት አድርገው ያሳፍሩት? ጉዳዩም ቀላል መሰላቸው። መስኮት መዝጋት ምን አለበት? ስለዚህ «መስኮቷ ላይ ጆንያ ይሰቀል፣ ለአየሩ በሩ ገርበብ ይበል» ብለው ፈረዱ።

ሴትዮዋ «የሽማግሌ ቃል አላፈርስም» አለች። ጆንያውን ሰቀለች። በሩ ገርበብ ብሎ ሲያድር ሸለምጥማጥ እንዳይገባባት፣ ዱላ ይዛ በሩ ሥር ቁጭ ብላ አደረች።

በማግስቱ ሰውዬው ፎቶውን ከፈተ። ወጋገኑ አለ። እዚያው ቦታ፣ ያው ቅላት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ይል ነበር። አንተም ትቆም ነበር አይደል? እስቲ እናያለን። እሱ ግን ክፉኛ ደነገጠ፤ የደነገጠውም ተሳስቻለሁ ብሎ ሳይሆን ሰዓቱ አለቀብኝ ብሎ ነው። ከመጪዋ ሌሊት በኋላ የጨረቃዋ ብርሃን ይበረታል። ከምሽቱ በፊት ያን ብርሃን ካላጠፋ ፈረሱም የለ፣ ገናም የለ፣ ያ ሲያወራ የከረመው ሁሉ መሳቂያ መሆኑ ነው። «በሩ ነው! በገርባባው በር ነው የሚወጣው!» አለና ተነስቶ አበልጁ ዘንድ ሮጠ።

በዚህ ጊዜ አልተቆጣም፤ ለመነ። «አንድ ሌሊት ብቻ። በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ አበልጄ፣ ዛሬን ብቻ በሩንም ዝጊልኝ። ከነገ ወዲያ አላስቸግርሽም።»

ሴትዮዋ ፊቱን አየችው። ከስቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል። አዘነችለት። «በልጄ አባት አልጨክንም» አለች። «ፍሙን አሳንሼ አድራለሁ። አንተም ዛሬ ሥራህን ጨርስና እረፍ፣ ታምመህ እንዳትወድቅ።»

ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ሰማች። «ቤት ዘግቶ ከሰል? አንተ ጤና የለህም እንዴ?»

«ፍሙን አሳንሳለሁ ብላለች።»

«በዚህ ውርጭ? ጫጩቶቿ ጭጭ ሲሉባት እያየች ፍም ታሳንሳለች?»

ወደ ግቢው ወጣ። ውስጡ ግን አንድ ነገር ሽው አለበት። ሂድና «ይቅር፣ ክፈችው» በላት የሚል ሐሳብ መጣበት። ደግሞ ቀና ብሎ ሰማዩን ሲያየው ሦስቱ ከዋክብት ከተራራው ላይ እየወጡ ነው፤ አንዲት ደመና የለችም። አንድ ሌሊት ነው አለ፤ ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል አለ። ካሜራው እያከታተለ ፎቶ እንዲያነሳ አዘዘው፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ወደ አበልጁ ክፍል ደጋግሞ ያያል። ጨለማ ነው። ምንም ቅላት የለም፣ ምንም ድምፅ የለም። ደስ አለው። እግዜር ያሳይህ፤ ያ ጨለማ ደስ አለው!

ከዚያ የመጀመሪያዋ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ መጣች። ወጋገኑ አለ።

ሁለተኛዋም መጣች። አለ። ሰውዬው ተስፋ ቆረጠ መሰለህ? አልቆረጠም። ከከተማው ወዲያ ማዶ ኮረብታው ላይ አንድ የዘበኛ ፋኖስ እንዳለ ትዝ አለው። ወደዚያ ዞሮ ዓይኑን አጨንቁሮ ተመለከተ። ቀጥሎ ዘበኛውን በማን በኩል እንደሚከስ እያሰበ ሳለ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ጎህ ሊቀድ ሲል ሚስቱ ለጸሎት ተነሳች። ወደ ግቢው ብትወጣ ባሏ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ተኝቷል። ቴሌስኮፑ ላይ ውርጭ ወርዶበታል። በዕቃውም በባለቤቱም ተናዳለች፤ ግን ዕቃ ዕቃ ነው፣ እንዲበላሽ አልወደደችም። ክዳኑን ከመሬት አንስታ ማድጋ እንደምትከድን የቴሌስኮፑን አፍ ግጥም አድርጋ ከደነችው። ካሜራው እየሠራ መሆኑን አላወቀችም። ለባሏም ተጨማሪ ጋቢ ደርባበት ገባች።

ሰውዬው ሲነቃ መጀመሪያ ያየው ኮምፒውተሩን ነው። መጨረሻ ላይ የመጡት ፎቶዎች ጥቁር ናቸው። ፈረስ የለ፣ ጉም የለ፣ አንዲት ኮከብ እንኳ የለችም። «ካሜራው ሞተ!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። ቀና ቢል ክዳኑ ተከድኗል። ተነፈሰ። ለካ ክዳኑ ነው አለ። ሊስቅም ቃጣው።

ከዚያ እንደገና ወደ ፎቶው አየ።

ኮከብ የሌለበት ጥቁር ፎቶ፤ በስተቀኝ ከታችኛው ጥግ ግን ቀዩ ወጋገን አለ። ያው ራሱ። ክዳን ተከድኖ፣ አንዲት የብርሃን ጭላንጭል ከውጭ መግባት በማትችልበት፣ ወጋገኑ ቁጭ ብሏል።

ነገሩ ገባው። ካሜራ ብዙ ተከፍቶ ሲቆይ ውስጡ ይሞቃል፤ የሞቀው ዕቃ የገዛ ዓይኑን ጥግ ያቀላዋል። ብርሃኑ ከመስኮት አልመጣም፣ ከበርም አልመጣም፣ ከራሱ ካሜራ ሆድ ነው። ይህ ደግሞ በሰማይ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ሙያውን ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው፤ ሰማዩን ካነሳህ በኋላ ክዳን ግጠምና ያንኑ ያህል ጊዜ ጨለማ አንሳ፣ ተከድኖ የሚታየው ያንተ ነው፣ ከሰማዩ ላይ ቀንሰው ይላሉ። እሱም ተነግሮታል። ግን ጠራ የሚለው ሌሊት ጥቂት ነው፣ ሰዓቱ ውድ ነው። «በጠራ ሰማይ ክዳን ገጥሜ ጨለማ ላንሳ? እብድ ነኝ?» ብሎ ያቺን ሥራ ዘለላት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሃል ይህ ነው።

«በሩ!» ብሎ ጮኸ።

ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። አጥሩን በበሩ በኩል መዞር ረሳ፤ እሾሁን ጥሶ ገባ። የጭቃዋ ክፍል ዝም ብላለች። ጫጩት ባለበት ቤት ጎህ ሲቀድ ዝምታ የለም፤ ጢው ጢው የሚለው ጫጫታ ነው ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው። «አበልጄ!» አለ። መልስ የለም። በሩን ደበደበ። «አበልጄ! ክፈችው! በሩን ክፈችው!» ያለው እሱ ነው፣ ትናንት ዝጊው ያለው። ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ደግሞም ብርሃን እንዳይወጣበት ብላ በሥሩ ጨርቅ ወትፋበታለች። ሚስቱ ጩኸቱን ሰምታ ደረሰች። ሁለቱም በትከሻቸው ገፍተው በሩን ገነጠሉት።

የከሰል ሽታ ፊታቸውን መታው። ሴትዮዋ ከበሩ አጠገብ በግንባሯ ተደፍታለች፤ ልትከፍት ተነስታ ነው የወደቀችው። ሰውዬው ብብቷን ይዞ፣ ሚስቱ እግሯን ይዛ ወደ ግቢው አወጧት፣ ውርጩ ላይ አስተኟት። ሚስቱ የደረቷን ልብስ እየፈታች «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። እሱ ሐኪም ነው አይደል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ግን የልብ ምቷን ፈልጎ ማግኘት አቃተው። እዚህ ይነካል፣ እዚያ ይነካል። የሚሰማው የራሱ ልብ ነው። «ተነሽ በእናትሽ፣ ተነሽ አበልጄ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ብዙ ቆየች። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ሽማግሌዎቹም መጡ፣ ግን ማንም ማንንም አላየም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ሴትዮዋ ሳል አላት፣ አስመለሳት፣ ዓይኗን ከፈተች። የት እንዳለች አላወቀችም። ሰማዩን አየች፣ የተሰበሰበውን ሰው አየች፣ በመጨረሻ ከላይዋ ጎንበስ ያለውን ሰውዬ ለየችው።

«አበልጄ፣» አለችው በደከመ ድምፅ፣ «ፎቶው ወጣልህ?»

ሰውዬው ምን ብሎ ይመልስ? አንተ ብትሆን ምን ትመልሳለህ ውብሸት? ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ እግሯን ያዘ። እሷም አልገባትም፤ «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» ብላ ልታጽናናው እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች።

ሴትዮዋ ዳነች፤ ለብዙ ጊዜ ራሷን እያመማት። ጫጩቶቹ በርሜሉን ከበው እንደተኙ ቀሩ፤ ነፍስ የተገኘባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ፎቶውም ተሠራ፤ የክዳኑን ፎቶ ሲቀንስበት ወጋገኑ ጠፍቶ ፈረሱ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ለዚያ የፈጀበት ጊዜ እፍኝ ጥሬ አያስቆላም። ሰውዬው ግን ለኤግዚቢሽኑ አልላከውም። ለምን ብለው ሲጠይቁት «ፈረሱን ሳይ ሌላ ነገር ይታየኛል» ይላል።

እንግዲህ ውብሸት፣ ወዳንተ ልመለስ። ስንት ጊዜ ባየው ይበቃል አልከኝ። ያ ሰው ወጋገኑን በእያንዳንዱ ፎቶ አይቶታል። ብዙ ማየት ምስክር ቢያደርግ ኖሮ ከእሱ የበለጠ ምስክር በምድር ላይ ባልተገኘ። ሽማግሌዎቹም አይተውታል። ያዩት ነገር በእርግጥ ነበረ፤ ያልነበረው እነሱ አለ ባሉበት ቦታ ነው። ነገር አንድ ጊዜ እዚህ፣ አንድ ጊዜ እዚያ ቢታይህ ከውጭ ነው በል። በዞርክበት ሁሉ፣ በገባህበት ቤት ሁሉ፣ ሁልጊዜ በአንዱ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ከጠበቀህ ግን መጀመሪያ የምታይበትን ዓይን ጠርጥር።

ስለዚህ ከእሑድ በፊት ክዳንህን ግጠም። ወንድምህም ሚስቱም የሌሉበት ቦታ ሂድ፤ ምንም ቂም ያልያዝክባቸው ሰዎች መሐል ተቀመጥ። እዚያም ስትገባ ጨዋታው ከቆመ፣ እዚያም ናቁኝ የሚል ነገር ሆድህን ከበላው፣ ያ ያንተ ነው፤ ከወንድምህ ላይ ቀንሰው። እዚያ ካልታየህ ደግሞ ተመለስ፤ ሽማግሌ የምሰበስብልህ እኔ ራሴ ነኝ፣ ቃሌ ነው።

ምን ዝም አልክ? አየህ፣ አሁን እኔም ስናገር አንተ ዝም አልክ፤ ናቅኸኝ ልበል? ይልቅስ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዓመት በፊት በወንድምህ ቤት በአንዲት የቀልድ ቃል ተቆጥተህ ማዕድ ጥለህ አልወጣህም? እኔም ነበርኩ እኮ። ከዚያ ወዲህ ነው የሚያቋርጡት። አንተን ላለማስቀየም ብለው፣ ለአንተ ብለው፣ አፋቸውን ዘግተው ተቀምጠው ይሆናል። ሰው ለሚወደው ሰው ሲል የገዛ በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል፤ ውስጥ ያለው ፍም ምን እንደሚያደርገው ደግሞ ከውጭ ያለው አያውቅም። ተነስ። እሑድን አትጠብቅ፤ አሁኑኑ ሄደህ በራቸውን አንኳኳ።